ግማሽ ሂሳብ

ልብስ ሰፊው ዶላሞ ቅናተኛ ሰው አልነበረም። ቢያንስ አረጋሽን እስኪያገባ ድረስ አልነበረም።

ሁለቱም ከዚህ በፊት ትዳር ነበራቸው፤ የሁለቱንም ያፈረሰው ሞት ነው። አምና ሽማግሌ ተቀምጦ ሲጋቡ እሱ ሃምሳ ስድስት፣ እሷ አርባ ስምንት ተብሎ ተነገረ። የጂንካ ሰውም "ዶላሞ ልጅ እግር ሚስት አገኘ" አለ። ይህን በሰማ ቁጥር ደረቱን ይነፋ ነበር። አሁን ግን ያው ወሬ እንቅልፍ ይነሳው ጀመር።

ነገሩ የመጣው መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሱቁ ነው። አረጋሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረሪማ ልትገዛ በሚኒባስ ገዘር ገበያ ትወጣለች። የሚኒባሱ ረዳት ሚልክያስ ይባላል፤ ሠላሳ የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ዶላሞ ከስፌቱ ቀና ሲል አረጋሽ ግራ ቀኝ አይታ እጇን ወደ ደረቷ ስትሰድ አየ። የሆነ ነገር አውጥታ ሚልክያስ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። እሱም በሌላ እጁ ከልሎ ቶሎ መለሰላት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ዶላሞ የያዘውን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው ጋር አጣብቆ ሰፋው።

ሂሳብ እየከፈለች ነው እንዳይል፣ እሷ ካርድ የላትም። የሚኒባስ ባለንብረቶቹ ማኅበር በካርድ ማስከፈል ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ መሐመድኑር ሱቅ ሄዶ ካርዱ ላይ ብር ያስሞላል፤ ሲሳፈር ረዳቱ አንገት ላይ የተንጠለጠለችው ማሽን ላይ ያስነካል። ካርዱ ለማንም ሰው ሰማያዊ ነው። ስልሳ ዓመት ለሞላው ቢጫ ይሰጠዋል፤ ባለ ቢጫው በግማሽ ሂሳብ ይሄዳል። ዶላሞና አረጋሽ ግን አብረው ሲሳፈሩ ምንጊዜም የሚከፍሉት በጥሬ ብር ነው።

"ለምን ካርድ አታወጪም?" አላት ምሳ ላይ፣ ነገር ሲፈልግ።

"ምን ሊያደርግልኝ? አንተስ ለምን አታወጣም?"

ዶላሞ ጎመኑን በቂጣ ጎረሰና ወሬ ለወጠ።

ይበልጥ ያናደደው ሚልክያስ ወዳጁ መሆኑ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የተማሪ ዩኒፎርም ይዞ ገዘር ሲወጣ የሚሳፈረው ከእሱ ጋር ነበር። ሰውዬው አፉ የተቆለፈ ነው፤ ይህን ደግሞ ከዶላሞ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህም ይወደው ነበር። አሁን ግን ያ የተቆለፈ አፍ አስፈራው። ለእኔ ዝም ያለ ለእሷም ዝም ይላል አለ በልቡ።

ስለዚህ ራሱን ማሰማመር ያዘ። ድሮም ዘሩባቤል ፀጉር ቤት በየሳምንቱ ይገባ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለቴ ሆነ። ጉልበቱ እየጮኸ የፀጉር ቤቱን ደረጃ በሩጫ ይወጣል። ሸሚዙንም ሱሪውንም ለአረጋሽ ለአጠባ ይሰጣታል፤ ካልሲውን ብቻ እንደ ልማዱ ራሱ ያጥባል። እሷ ደግሞ አንዲት ፀጉር ከሻሿ ሳታሾልክ፣ ዘንጣ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትወጣለች።

በአንዱ ቅዳሜ ዘንቢሏን ረስታ ሄደች። ዶላሞ ይዞላት ወጣ። ሚኒባሱ ጀርባ ሲደርስ ድምጿን ሰማ።

"አደራህን ባሌ እንዳያውቅ። ካወቀ ትዳሬ አለቀለት።"

"ኧረ ስንቴ ልማልልዎት!" አለ ሚልክያስ።

ደግሞ አንቱ ይላታል! ሰው እንዳይጠረጥር ነው፣ አለ ዶላሞ በልቡ። ዘንቢሉን እዚያው ጥሎ ተመለሰ። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን የበላቸው ምሳዎች ትዝ አሉት። አረጋሽ ከሄደችበት ያው ምሳ፣ ያው ዝምታ ይጠብቀዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ተደበቀ። አረጋሽ መጣች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። ገና ስታወጣው ዶላሞ ደርሶ ክንዷን ያዘ።

"ምንድን ነው የምትሰጪው?"

"ምንም።"

"ክፈቺው! ለዚህ ጎረምሳ ብለሽ ትዳራችንን ታፈርሻለሽ?"

ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ሚልክያስ መሃል ገባ። "ጋሼ ዶላሞ፣ ይተዉት ይቅርብዎ። ኋላ የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት።"

"አንተ አፍህን ዝጋ!"

አረጋሽ እንባዋ መጣ። ጣቶቿን ቀስ ብላ ከፈተች። መዳፏ ላይ ፎቶዋ ያለበት ቢጫ ካርድ ነበር።

"ስልሳ አራት ዓመቴ ነው" አለች። "ሽማግሌዎቹን የዋሸሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር አታገባኝም ብዬ ፈራሁ። አሁን አወቅህ፤ ከፈለግህ ፍታኝ።"

ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ ሻሹ ወደ ኋላ ሸሸ። ከስሩ ያለው ፀጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነው።

ማንም አልሳቀም። ሚልክያስ አንገቱን ደፍቶ ማሽኑን ይነካካል። ዶላሞ ካርዱን አየ፤ ሚስቱን አየ። ከዚያ የሚኒባሱን በር ተደግፎ ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱ ጮኸ፤ የግራ ጫማውን አወለቀ።

"ሚልክያስ" አለ፣ ከካልሲው ውስጥ ያወጣውን ቢጫ ካርድ እየዘረጋለት፣ "ዛሬ የሁለታችንንም ከእኔ ላይ ቁረጥ።"