የእሁድ ውሃ

ወንዙን የምትለካው ልጅ ዓይን አፋር ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ አክስቷ ቤት ካረፈች ጀምሮ በየጠዋቱ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ድልድዩ ሥር ትወርዳለች። ምሰሶው ላይ የተሰመረውን ቁጥር አንብባ ትመለሳለች። አንዳንዴ ግን ሽቅብ ወደ ማዕድን ማውጫው ትወጣና ትቆያለች። ማዕድኑ ጋ ደግሞ ፓምፕ የሚያሠራ ሳቂታ ወጣት አለ።

"ሽቅብም መለኪያ ተተከለ እንዴ?" ይላታል የመንደሩ ባለሱቅ።

እሷ መሬት መሬት ታያለች።

አክስትየው ከድልድዩ በታች ቲማቲም ታለማለች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በበጋ ወንዙ ይቀጥናል፤ እሁድ እሁድማ ጭራሽ ክር ይሆናል። ምክንያቱን መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

"ማዕድን ቆፋሪዎቹ እሁድ ሥራ የላቸውማ!" ትላለች አክስትየው። "ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ልብሳቸውን ሲያጥቡ ይውላሉ። በሥራ ቀን ደግሞ ያ ፓምፕ ከሥር ይመጥጥብናል። ዘንድሮ ካልቆመ ቲማቲሜ አለቀለት!"

ፊርማ ተሰበሰበ፤ ስብሰባ ተጠራ።

በስብሰባው ዋዜማ ልጅቱ ድስት እያጠበች ተንተባተበች።

"አክስቴ፣ እስከ ዛሬ የደበቅኩሽ ነገር አለ።"

"እኔም መቼ ነው የምትተነፍሰው እያልኩ ነበር።"

"ከስብሰባው በፊት አብረን ሽቅብ እንውጣ። የማሳይሽ አለ።"

"የምታሳዪኝንማ አውቄዋለሁ!" አክስትየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ጥርሱ ያምራል፤ አይከፋም። ግን እሱ ይውረድ እንጂ እኔ በዚህ ጉልበቴ ዳገት አልወጣም።"

"እሱን አይደለም እኮ..."

"እሺ፣ እሺ። መጀመሪያ ፓምፑ ይቁም፣ ትዳሩ ይደርሳል።"

የልጅቱ ፊት ቲማቲም መሰለ። ድስቱን ደግማ አጠበችው።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው፣ "ውሃ ለኪዋ ሐሳቧን ትስጥ" አለ። ተነሳች።

"ፓምፑ ባይቆም..." ከማለቷ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ለፓምፑ ነው ለባለፓምፑ?" አለ ባለሱቁ።

ከኋላ የቆመው ወጣት ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። እሷም ቁጭ አለች።

እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ። የማዕድኑ ኃላፊ ጭቅጭቁ ሰልችቶታል። "ይቁም ካላችሁ ይቁም። የታችኛውን ጉድጓድ ትተን ከላይ እንቆፍራለን" አለ።

ቅዳሜ ፓምፑ ቆመ። አክስትየው ለጎረቤት ሁሉ ቲማቲም አደለች።

በማግስቱ ወንዙ ክር ሆነ።

"እሁድ ነዋ!" አለች።

ሰኞ ክሩም ተበጠሰ። አክስትየው ጉልበቷን ረስታ፣ ውሃውን የገደበውን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ዱላዋን አንስታ በደረቁ ወንዝ ሽቅብ ወጣች። ልጅቱ ተከተለቻት።

ወንዙ ከሚነሳበት ቦታ ስትደርስ፣ ከማዕድኑ ጉድጓድ መጥቶ ወንዙ ውስጥ የሚያፈስ አንድ ወፍራም ቧንቧ አፉን ከፍቶ ጠበቃት፤ ደርቋል።