የኬክ ሩም

"የባሩን ቁልፍ አምጪው" አለ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ መዳፉን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ።

ባለኬኳ ቁልፉን አላመጣችም። ከፊቷ ያለውን የሩም ጠርሙስ ክዳን ጠምዝዛ ከፈተችና አፍንጫዋን ወደ አንገቱ አስጠጋች። ባሏ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ባሩም ያን ያህል ጊዜ ተዘግቶ ከርሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ ገና መከፈቱ ነው። አቧራውን የጠረገችው፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አጥባ የደረደረችው እሷው ናት።

"ሰምተሽኛል?"

"ሰምቼሃለሁ ጋሼ። ቁጭ በል።"

አልተቀመጠም። ልብስ ሰፊው ግን ተቀምጧል። ሱቁ ከባሩ ትይዩ ስለሆነ በሩ ሲከፈት አይቶ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ነው የመጣው። ለዓመታት ሥራውን ሲጨርስ የሟቹን ቅልቅል አንዲት ብርጭቆ ሳይጠጣ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ጋሼ ጠርሙሱን አየና ሳቅ አለ። "እሱን ነው የምትሸጪው? ወንድሜ እኮ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ አያውቅም። ይሄ የኬክ ሩም ነው።"

"አዎ፣ የኬክ ሩም ነው።"

እውነቱን ነው። ከግድግዳው ጀርባ ባለችው መስኮት የለሽ ኩሽና አሥራ ስምንት ዓመት ኬክ ስትጋግር፣ ዘቢቡን የምትዘፈዝፈው በዚሁ በጥቁሩ የጃማይካ ሩም ነበር። ባሏ ከፊት ሆኖ ውዱን ይቀዳል፣ ይጫወታል፣ ይመሰገናል፤ እሷ ከኋላ ርካሹን በማንኪያ ትለካለች። ክዳኑ ላልቶ ሲተነፍስም፣ ዘቢቡ ጠጥቶ ሲጠግብም ከሽታው ታውቃለች። ራሷ ግን ቀምሳው አታውቅም። ባሏ "የኔ ሚስት አፏን አታስነካም" እያለ በሰው ፊት ይኮራባት ነበር። ለመሆኑ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ወይ ብላው አታውቅም።

"ውሉን የሚረከብ ተከራይ አግኝቻለሁ" አለ ጋሼ። "ጎማ የሚሸጥ፣ ጨዋ ሰው ነው። አንቺ ኬክሽን ቤትሽ ሆነሽ ትጋግሪያለሽ፣ ማን ይከለክልሻል? ሰው እዚህ የሚመጣው ለወንድሜ እጅ ነበር። እጁ ከሌለ ይሄ ባዶ ቤት ነው። ደግሞስ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ምን ብላ ትቀዳለች?"

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። እንደ ልጅ ነበር የሚያባብላት፤ እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ትንሽ ብርጭቆ አነሳችና ሁለት ጣት ያህል ቀዳች። ጋሼ ለእሱ የቀዳችለት መስሎት እጁን ዘረጋ። እሷ ብርጭቆውን ወደ ራሷ ከንፈር ወሰደችው።

መጀመሪያ አቃጠላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን እልህ ይዟት የመጀመሪያውን ጉንጭ ሳትስል ዋጠችው። ቃጠሎው ሲያልፍ ምላሷ ላይ የቀረውን ለየችው፤ ሊያር የደረሰ ስኳር፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ፣ ትንሽ ቅርንፉድ፣ መጨረሻ ላይ እርጥብ እንጨት የመሰለ ምሬት። አፍንጫዋ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አልዋሻትም። ሩሙ ሻካራ ነው፣ አይደበቅም። ባሏ በውዱ ላይ ያደርግ እንደነበረው ለስላሳ ቢደፉበት ስኳር በስኳር ሆኖ ይታፈናል እንጂ አይገራም።

ሌላ ረዥም ብርጭቆ አውጥታ ሩሙን ቀዳችበት፤ ዝንጅብል ፈቀፈቀችና በጨርቅ ጨመቀችበት። ሎሚ ጨመረች። ስኳሩን በእሳት አቅልጣ ካዘጋጀችው አንድ ማንኪያ አፈሰሰች፣ ቀመሰች፣ ግማሽ ማንኪያ ደገመች። ቆንጥራ ጨው ነሰነሰችበት፤ ለሊጥ ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። ከዚያ በረዶውን ሞልታ ረዥሙን ብርጭቆ ልብስ ሰፊው ፊት አስቀመጠች።

ሰውዬው ተጎነጨና አፉ ውስጥ ያዝ አደረገው። ጋሼም እሷም አፍ አፉን ያያሉ።

"የእሱ አይደለም" አለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ።

"አየሽ?" አለ ጋሼ።

"አይደለም። የእሱን አልሠራሁም።"

ልብስ ሰፊው አፈረ። "ምናልባት እትዬ፣ ለስላሳ ጠብ ቢደረግበት..."

"አይደረግበትም። የእሱን ይርሱትና ደግመው ይቅመሱት።"

ደገመ። ትንሽ ቆይቶ ሠለሰ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠቀለለና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ለመሄድ የቸኮለ ሰው እንዲያ አያደርግም።

ጋሼ ይሄን አይቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ቆይ፣ ቤቱ የማን ነው? የኪራዩ ውል በወንድሜ ስም ነው።"

"በሁለታችን ስም ነው። ከእሱ ፊርማ ሥር የኔ አለ። ምስክር ሆነህ የፈረምከው አንተ ነህ ጋሼ። ረስተኸው ይሆናል።"

ጋሼ ማስታወሱ ፊቱ ላይ ታየ። የተዘረጋው መዳፉ ቀስ ብሎ ከባንኮኒው ላይ ወረደ።

"እንግዲህ እኔ የምለው ለስምሽ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ፣ አሁን በለሆሳስ። "ባሏ በሞተ በሦስት ወሩ መጠጥ ጀመረች ይሉሻል። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ቢያንስ በሩን ገርበብ አድርጊው።"

ባለኬኳ የራሷን ብርጭቆ እንደያዘች ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ወደ በሩ ሄደች። ጋሼ ልትዘጋው መስሎት በረዥሙ ተነፈሰ። እሷ ተከፍቶ የማያውቀውን የግራውን መዝጊያ መቀርቀሪያ ስባ አወጣችና ሁለቱንም መዝጊያዎች እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋቻቸው።

የከሰዓት ፀሐይ እስከ ባንኮኒው ገባ። ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴቶች ዘወር ብለው አዩአት፤ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። ባለኬኳ ደፉ ላይ ቆማ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳችው። አሥራ ስምንት ዓመት ጥቁር ስትለው የኖረችው ሩም፣ ብርሃን ሲያልፍበት ቀይ ነበር። ሴቶቹን እያየች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ታች ጨለጠችው።