ጸሎት የተጠራላት ሴት

ልጅ ያልወለደችን ሴት በጉባኤ ፊት ማስነሣት ጸሎት ነው ትላላችሁ? በባሕር ማዶ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ «ማኅፀኗ የተዘጋ እኅት ትውጣ!» ብለው ዐይናቸውን አርባ ዓመት ባለፋት፣ የምሥራች በምትባል ምእመን ላይ ተከሉ። ባሏ እንዳትወጣ እጇን ጨበጣት፤ እሷ ግን ወጣች። ዘይት የነካ መዳፋቸውን ራሷ ላይ ሊጭኑ ሲሉ፣ በቀስታ ይዛ አወረደችው።

«የዘጋው እግዚአብሔር አይደለም፣ ፓስተር» አለች፣ ማይኩን ከሌላው እጃቸው ወስዳ። «ስንጋባ ‹ወንድሞችሽን ከአገር ቤት ሳታስመጪ፣ ቤት ሳትገዙ ለመውለድ ምን ያስቸኩላችኋል?› ብለው የመከሩን እርስዎ ነዎት። ሁለት ሁለት ሥራ እየሠራን ቆየን። አሁን ሐኪሙ ‹ዘግይታችኋል› አለን።»

«ኧረ ልጄ፣ በጓዳ ንገሪያቸው!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

የምሥራች ማይኩን ወደ ፓስተሩ አፍ መለሰችው። «ምክሩን በጓዳ ሰጡን፤ መልሱን ግን እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይስጡን።»