የታላቅ ወንድሜ ታጣፊ ካሜራ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ሳል የሰፈራችንን አዛውንቶች አንድ በአንድ ወሰዳቸው። ባለቤቴም አልጋ ያዘች። መልኳ እንዲቀርልኝ ብዬ ከሟች ታላቅ ወንድሜ የወረስኳትን የፈረንሳይ ታጣፊ ካሜራ ዘረጋሁና ብቻዋን አነሳኋት።

«ዛሬ ነው ቆንጆ የሆንኩብህ?» ብላ ቀለደችብኝ።

ፊልሙ አዲስ ነበር። ሳጥበው ግን ፎቶው ላይ ወንድሜ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። እሱ ሰውን ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ ለራሱ ፎቶ ሳይኖረው ነው የሞተው። «አንድ ፎቶ አለብህ» ይለኝ ነበር።

ፎቶውን ደብቄ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ተጠግታ፣ አጠገቧ ለሰው የሚሆን ቦታ ለቃለች።

«ጋሼ ፎቶዬ አማረ ወይ ይሉሃል» አለችኝ።

«አምሯል። አንቺን ግን ይተውልኝ በይው።»

ወደ ባዶው ቦታ ዞራ አዳመጠች።

«ዕዳህን ከፍለሃል፣ ትቼልሃለሁ ይሉሃል» አለችኝ። «በል፣ ጫማዬን አቀብለኝ።»