ዳገቱን የምታስወጣ ጂግለር

«አሁንስ?» አለ አባቴ፣ ከግቢው በር አጠገብ ካስቀመጣት ዱካ ላይ ተቀምጦ።

ሞተሯን አጥፍቼ ሄልሜቴን አወለቅኩ። «ያው ናት» አልኩት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቀኑን ሙሉ እንዳደረገችው ጉልበቷ አለቀ፤ ነዳጅ እስከ ጥግ ብሰጣት መስሚያዋ ጥጥ ሆነ።

«እንግዲያው አንድ መቶ አስራ አምስትን ሞክሪ» አለና ጭኑ ላይ ከያዘው ጣሳ ውስጥ ሌላ ጂግለር መርጦ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጂግለር ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ የነሐስ ብሎን ናት፤ ቤንዚኑ በካርቡራተሩ ውስጥ የሚያልፈው በመሃሏ ባለው ቀዳዳ ነው። ቁጥሯ በጨመረ መጠን ቀዳዳዋ ይሰፋል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ይህችን አሮጌ ሞተር የሰጠኝም እሱ ነው። «ከእኔ ትሻልሻለች፣ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ትነሳለች» ብሎ።

ነገ ሥራ እጀምራለሁ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ዳገቱ አናት ላይ ላለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳደርስ ቀጥራኛለች፤ «ሞተርሽ ዳገቱን ካልወጣች ግን ሌላ ሰው አለኝ» ብላ በግልጽ ነግራኛለች። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከርሜ ያገኘሁት ነው። እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ትልቋን ጂግለር ስገጥም ቤንዚን በዝቶባት ማጨስ ነበረባት፣ እሳት የምትጭርበት ካንዴላዋም መጥቆር ነበረበት። አልጠቆረም። ትንሿን ስገጥም ተርባ መንተፋተፍ ነበረባት። አልተንተፋተፈችም። ዘጠና አምስት ብሰጣትም፣ አንድ መቶ ሃያ ብሰጣትም፣ እስከ ዳገቱ ወገብ በሰላም ትሄድና እዚያ ስትደርስ ታምፃለች። ሲጎድልባት የምታለቅስ ሞተር አይቻለሁ፣ ሲበዛባት የምታስልም አይቻለሁ። ምንም የማይመስላት ሞተር ግን አላየሁም። ቁጥሮቹን ተሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብዬ ብርሃን ላይ ይዤ አየኋቸው። አልተሳሳትኩም።

«አባዬ፣ ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። ትዕግሥት ይኑርሽ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የእኔስ እንቁላል እስከ ዳገቱ ወገብ ብቻ ነው የሚሄደው።»

ሳቀ፤ ግን አላየኝም። አባቴ የጎረቤት ሞተር ሲያስል እንኳ፣ አንዴ የተሰበረ እግሩን እየጎተተ፣ መፍቻ ይዞ ብድግ የሚል ሰው ነው። ዛሬ ከዱካዋ አልተነሳም። ጣሳውን እያንኳኳ አንዷን ሲያቀብለኝ ሌላዋን ሲቀበለኝ ዋለ። ይሄም አልገባኝም።

አንድ መቶ አስራ አምስትን ገጥሜ ካርቡራተሩን ወደ ቦታው ልመልስ ስል፣ ድሮ የነገረኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህች ጂግለር የምትሠራው ነዳጁ ጨርሶ ሲከፈት ነው። ካልተከፈተ ትልቅ ሆነች ትንሽ ለውጥ የለውም። የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከሚቆም አዞርኩና በካርቡራተሩ አፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ከእጀታው በሚመጣው የሽቦ ገመድ፣ በካቦው፣ ወደ ላይ የሚሳበው መዝጊያ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። እስከ ጥግ የመሰለኝ ሁሉ ግማሽ ነበር።

«እሱን ተይው» አለ አባቴ። «እዚያ ምንም የለም።»

የላይኛውን ክዳን ፈታሁት። መዝጊያው ወደ ታች ከሚገፋው ጥምዝ ሽቦ፣ ከሞላው ጋር ወጣ፤ ከሞላው ውስጥ አንዲት ቁራጭ ቱቦ ተንሸራታ እጄ ላይ ወደቀች። መዝጊያው ከግማሽ በላይ እንዳይሳብ የያዘችው እሷ ናት። አዲስ ናት፤ ጫፎቿ በሞረድ ተለሳልሰዋል። ለማንም ለማይታይ ነገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ቀኑን ሙሉ ጂግለር ስታስመርጠኝ ዋልክ?»

«ሲሰለችሽ ትተይዋለሽ ብዬ» አለ። «መውጣቱ አይደለም ችግሩ፣ መውረዱ ነው። የእኔ እግር የተሰበረው በሞተር ስወርድ ነው። ካልወጣሽ ደግሞ አትወርጂም።» ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። «ፈራሁ ልጄ። ሌላ ምን ልበልሽ።»

ተናደድኩ። ጮኼ ልናገረው ነበር። አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልቆጣውም፣ ላቅፈውም አማረኝ።

«ሥራው ነገ ነው አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

ቱቦዋን ከአጥሩ ማዶ ልወረውራት እጄን አነሳሁ፤ አልወረወርኳትም። ከመሣሪያ ሳጥኑ የብረት መጋዙን አወጣሁና ሁለቱንም አቀበልኩት። «አሳጥራት፤ እኔም ዳገቱን ልውጣ፣ አንተም አትፍራ።»

አገላበጣት። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር ከጫፏ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ልቁረጣት?»

«ይሄን ያህል ብቻ ከቆረጥክ ዳገቱን አልወጣም።»

ጥፍሩን ትንሽ ወደ ታች አወረደና ቀና ብሎ አየኝ። ገና ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና፣ ትንሽ፣ አወረደ።