ለእናቱ መንገድ የሚሆን ሞላ

ሰውዬው ለእናቱ ፍቅር አልጎደለውም። የጎደለው መኪናውን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ሞላ ብቻ ነበር። ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ፣ ይኼኛው ደረቀ፣ ያኛው ለሰለሰ ሲል ክረምቱ ወጣ። እናቱ በደወለች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «እማዬ፣ የእናንተ መንገድ እኮ እንዲህ በዋዛ አይደፈርም።»

አንድ ጠዋት አክስቱ ደወለች።

«እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ዛሬውኑ ድረስ።»

«ትንሽ ከሆነማ» አለና ረጅሙን ሞላ አስገጠመ። ለጥንቃቄም አዲስ ጎማ ጨመረበት።

በማግስቱ ያንን የተፈራ መንገድ እንደ ግመል እየተንጎማለለ አልፎ መንደሩ ገባ። እናቱ ቤት ሲደርስ ግን መኪናውን የሚያቆምበት አጣ። ከከተማ ለቀስተኛ ሲያመላልሱ የዋሉ ባጃጆች ደጁን ዘግተውታል።