የአሞኒያ እንባ

የእህቱ ባል «ይሄ ሰውዬ እሳት ላይ ቢጥዱትም አይሞቅም!» ብሎ የሰደበው በእህቱ ትንሿ ልጅ ልደት ቀን፣ ኬኩ ገና ሳይቆረስ፣ በእንግዳ ሁሉ ፊት ነበር። እሱም እንጉዳይ የሚበቅልበትን ኮምፖስት የሚያበስል የባልየው ሠራተኛ ስለነበር፣ ቂሙን ዓመት ሙሉ ይዞ ቆይቶ ሙቀት ምን እንደሆነ ሊያሳየው ቆረጠ። የኮምፖስቱ ክምር በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእንፋሎት ከጸዳ በኋላ ክፍሉን እንዲያበርድ ተነግሮት ሳለ፣ እልኽ ይዞት ጭራሽ አጋለው።

ባልየው በሩን ሲከፍት አሞኒያው ዓይኑን ለበለበው። «ምን ሠራህ አንተ? ናይትሮጅኑ ክምሩ ውስጥ የሚቀረው እኮ ሙቀቱ ቀነስ ሲል ነው! ይኸው አሞኒያ ሆኖ በነነ። እንጉዳዩ ምን ሊበላ ነው? ያንተን ኩርፊያ?» አለ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ።

«ታዲያ ሞቀ፣ አልሞቀም?» አለው እሱም እያለቀሰ።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

ይህን ጊዜ እህቱ በሩ ላይ ደረሰች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲነፋረቁ አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እሰይ! በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅከው?» አለችው ባሏን። ባልየው ክምሩን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ወንድሟን ይቅርታ አልጠይቅም በማለቱ ስንት ሌሊት ሶፋ ላይ እንዳደረ ትዝ ሳይለው አልቀረም። «አዎ፣ ጠየቅኩት» አለ አፍንጫውን እየጠረገ።

«አንተስ ወንድሜ፣ ይቅር አልከው አይደል?»

አዎ ቢል ያን ሁሉ ዘመን ያቀፈው ቂም ሜዳ ላይ ሊቀር ነው፤ አይ ቢል የእንባው ምክንያት ሊጠየቅ፣ የእንጀራ ገመዱም ሊበጠስ ነው። ክምሩን የሚያገላብጥበትን መንሽ ትከሻው ላይ አድርጎ በመካከላቸው አለፈና፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሄደ።